ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር አለቆች ሥዕል

የአገር ገዥ ወይም የጦር አለቃ ሥዕል ባየን ጊዜ ቶሎ ከአፋችን የሚወጣው ቃል «ቁርጥ እርሱን!» የሚል ነው። በመምህርነት ባሳለፍሁት ዘመን ሁሉ ተማሪዎቼ ለሥዕል ከዚህ የበለጠ ምስጋና ሲሰጡ አልሰማሁም። መምሰል ግን ከሥዕል ሙያ ትንሹ ነው። ዛሬ አንድ ልጅ በስልኩ በአንድ አፍታ የሚያነሣውን መልክ ሠዓሊ ወር ሙሉ ደክሞ ቢያመጣው ምን ያስደንቃል? ከመምሰሉ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው፣ ሥዕሉን ማን አሠራው፣ ዋጋውንስ ማን ከፈለ፣ ባለሥዕሉ ከሰሌዳው ምን ያህሉን ይዟል፣ ከእግሩ ሥር የወደቀውስ ማን ነው የሚለው ነው። ይህን መጠየቅ ያልለመደ ሰው ሥዕል ባየ ቁጥር ሳያውቀው ይሰግዳል።

ለዚህ ነገር የፈረንሳይን ንጉሠ ነገሥት የናፖሌዎን ቦናፓርትን ሠዓሊዎች የሚያህል ምሳሌ አይገኝም፤ ስለዚህ ወደ አገራችን ከመመለሴ በፊት ከእነርሱ እጀምራለሁ። ሥዕሎቻቸውን መጀመሪያ ያየሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ፣ ቀለም በሌለው የመጽሐፍ ኅትመት ነው። ቀለም አለመኖሩ ሳይጠቅመኝ አልቀረም፤ ወርቁና ቀዩ ሐር ዐይንን ሳያታልሉ የአቋሙን አደራደር ለመመልከት ይመቻልና።

ናፖሌዎን እ.ኤ.አ. በ1800 በሜይ ወር ጦሩን ይዞ ታላቁ ሳን በርናር በሚባለው የአልፕ ተራራ በር አልፎ ወደ ኢጣልያ ወረደ። ዣክ ሉዊ ዳቪድ የተባለው ስመ ጥር ሠዓሊ ይህን ጉዞ በስፔኑ ንጉሥ በካርሎስ 4ኛ ትእዛዝ ሣለው፤ ሥዕሉም ስለ ተወደደ እስከ 1805 ድረስ በጠቅላላው አምስት ጊዜ ሠራው። ፈረሱ በኋላ እግሮቹ ቆሞ ሰማይ ይቧጥጣል፤ የፈረሰኛው ካባ በነፋስ ይውለበለባል፤ ፊቱ ግን በእልፍኝ ወንበር ላይ እንደ ተቀመጠ ሰው የረጋ ነው። ከፈረሱ እግር ሥር ባለው ድንጋይ ላይ የቦናፓርት ስም ተቀርጿል፤ አጠገቡም ከእርሱ በፊት ያን ተራራ አቋረጡ የተባሉት የሐኒባልና የታላቁ ካርል ስም ይነበባል። ወታደሮቹ በስተጀርባ እንደ ጉንዳን አንሰው መድፍ ይገፋሉ።

እውነተኛው ጉዞ እንዲህ አልነበረም። ናፖሌዎን ተራራውን ያለፈው በበቅሎ ተቀምጦ፣ አንድ የአገሬው ሰው መንገድ እየመራው ነው። ሠዓሊው መልኩን አይቶ ለመሥራት እንዲቀመጥለት ቢለምነው እምቢ እንዳለ ይነገራል፤ የታላላቅ ሰዎች ሥዕል መንፈሳቸውን ካሳየ ይበቃል፣ መምሰሉን የሚጠይቅ የለም የሚል አሳብ ነበረውና። ናፖሌዎን ከሞተ ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሲሆን ፖል ደላሮሽ የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ ያንኑ ጉዞ ከነበቅሎው፣ ከነብርዱ፣ ከነመሪው ሣለው።

እኔ በዚህ ፈረንሳዮችን እታዘባቸዋለሁ። በእኛ አገር በቅሎ የሹም መቀመጫ ናት፤ ራሶቹና ደጃዝማቾቹ በመንገድ በበቅሎ እየሄዱ ፈረሱ ለጦርነት ቀን በስተኋላ ይሳብላቸው ነበር። በቱም ገደል ላይ እንደዚያ ፈረሱን በኋላ እግሩ አቁሞ የሚጋልብ ሰው ቢገኝ፣ የሚያየው ሁሉ ጀግና ሳይሆን ዕብድ ነው ብሎ ልጆቹን ከመንገድ ያሸሻል። ገደል የሚያውቅ ሕዝብ በቅሎን አይንቅም። ዳቪድ ግን የሣለው የፓሪስ ሰው እንዲያየው እንጂ የተራራ ሰው እንዲያየው አልነበረም።

ይኸው ሠዓሊ ናፖሌዎን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2 ቀን 1804 በፓሪስ ኖትር ዳም ቤተ ክርስቲያን የነገሠበትን ሥነ ሥርዓት ወርዱ ወደ ዐሥር ሜትር በሚጠጋ ሸራ ላይ ሣለው። ሥዕሉ ዛሬ በሉቭር ይገኛል። በመካከሉ፣ ከፍ ባለው የክብር ቦታ፣ የናፖሌዎን እናት ተቀምጣ ትታያለች። እናቲቱ ግን በዚያ ቀን በፓሪስ አልነበረችም፤ በቤተ ሰብ ጠብ ምክንያት ቀርታለች። ሠዓሊው በልጇ ፈቃድ አስቀመጣት። በ1806 ደግሞ ኤንግር የተባለው ወጣት ሠዓሊ ናፖሌዎንን በዙፋን ላይ ፊት ለፊት አስቀምጦ፣ የጥንት ሠዓሊዎች እግዚአብሔር አብን በሚሥሉበት አኳኋን ሣለው፤ በዚያን ጊዜ እንኳ ብዙ ሰው አልወደደለትም።

ሁሉም ግን አንድ ዓይነት አልነበሩም። አንትዋን ዣን ግሮ የተባለው ሠዓሊ በ1808 የአይላውን ጦር ሜዳ ሲሥል፣ ናፖሌዎንን በመካከል አድርጎ እጁን ለበረከት እንደሚዘረጋ ሰው ቢያሳየውም፣ ከሥዕሉ ግርጌ ላይ በበረዶ የደረቁ ሬሳዎችን ከእውነተኛ ሰው ቁመት አግዝፎ አጋደማቸው። ተመልካች ወደ ንጉሡ ከመድረሱ በፊት በሬሳዎቹ ላይ መረማመድ አለበት። ይኸው ግሮ ግን በ1804 ናፖሌዎን በያፋ የወረርሽኝ በሽተኞችን ሲዳስስ የሚያሳየውን ሥዕል የሠራ ሰው ነው። ናፖሌዎን በዚያችው በያፋ እ.ኤ.አ. በ1799 በሺህ የሚቆጠሩ ምርኮኞችን አስፈጅቷል። የሚዳስሰው እጅ በሥዕል ተቀመጠ፤ የሚያስፈጀው እጅ አልተሣለም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት ጫፍ ያለውን ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ እቴጌይቱ በእመቤታችንና በልጇ እግር ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ተሥለዋል። ይህ የአገራችን የቆየ ልማድ ነው፤ ያሠራው ባለጸጋ ከሥዕሉ ግርጌ ይወድቃል። እኔ በሚሲዮን ያደግሁ ስለሆንሁ በልጅነቴ በቤታችን ሥዕል አልነበረም፤ ስለዚህ ይህን የምለው ለአንዱ ወገን ለማድላት አይደለም። ሰው በገዛ ገንዘቡ ተደፍቶ ቢሣል ትሑት ሆነ ማለት አይደለም፤ ትሑት መስሎ መታየትም ዋጋ አለውና። ሆኖም የቦታው ነገር ቀላል አይደለም። ኤንግር ንጉሡን በዙፋኑ ላይ ሲያወጣው፣ የጎንደር ዘመን ሠዓሊ እቴጌይቱን ከዙፋኑ ሥር አደረጋቸው። በናርጋ የሚጸልይ ገበሬ ቀና ብሎ ሲያይ ከእርሱ በላይ የምትገዛው ሴት እርሱ ራሱ በሚሰግድበት አኳኋን ወድቃ ያገኛታል። ይህን ከኖትር ዳሙ ሸራ የሚያገኝ ገበሬ የለም።

ደግሞም ነገሥታቶቻችን ወደ ጦርነት ሲዘምቱ ይዘውት የሚሄዱት ሥዕል የራሳቸው መልክ አልነበረም፤ ኵርዓተ ርእሱ የሚባለው፣ የእሾኽ አክሊል የደፋ የጌታችን ሥዕል ነበር። ይህ ሥዕል በሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር በመጣው በብሪታንያ ሙዚየም ሰው በሪቻርድ ሆምስ እጅ ገብቶ ከአገር ወጣ። ይኸው ሆምስ የዐፄ ቴዎድሮስንም አስከሬን ፊት በእርሳስ ነድፎ ወሰደ። እስቲ አስቡት፤ የዚያን ቁጡና ታላቅ ንጉሥ ፊት ቀርቦ የነደፈው፣ ሥዕሉን የወሰደባቸው ሰው ነው።

የዐድዋን ሥዕል ግን የማያውቅ የለም። በየሆቴሉ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በቀን መቁጠሪያ ላይ ሳይቀር ታይቷል። ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያደጉ ሠዓሊዎች፣ ከእነዚህም አንዱ ስሙ የታወቀው በላቸው ይመር፣ ደጋግመው ሠርተውታል፤ ብዙውን ገዝቶ የወሰደው የውጭ አገር ሰው ስለሆነ በለንደን በብሪታንያ ሙዚየም እንኳ አንዱ ይገኛል። አሠራሩ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። በአንድ ወገን የኢትዮጵያ ጦር፣ በሌላው የኢጣልያ ጦር ይሰለፋል። ከላይ በሰማይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ላይ ሆኖ ጦሩን ይወረውራል፤ ጦርነቱ የሆነው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በበዓሉ ቀን ነውና። ዐፄ ምኒልክ ዘውድ ደፍተው ከጥላ ሥር ይታያሉ፤ እቴጌ ጣይቱ በፈረስ፤ ጳጳሱና ካህናቱ ከታቦቱ ጋር። ራሶቹ እያንዳንዳቸው ጋሻና ጎፈር ይዘው ይቆማሉ፤ ስማቸውም ብዙ ጊዜ ከራሳቸው በላይ ይጻፋል።

የአውሮፓን ሥዕል የተማረ ሰው ይህን ሲያይ «ርቀት የለውም፣ ጥላ የለውም፣ ሰዎቹ ሁሉ ወንድማማች ይመስላሉ» ይላል። እውነቱን ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ቁጠሩ። በዳቪድ ሥዕል ላይ ጎልቶ የሚታየው ስንት ሰው ነው? አንድ። በዐድዋ ሥዕል ላይስ? ንጉሠ ነገሥቱ ከሰሌዳው የያዙት ቦታ ከአንድ መድፈኛ ብዙም አይበልጥም። ራስ መኰንን፣ ራስ አሉላ፣ ራስ መንገሻ፣ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ በመድፍ ሙያው የታወቀው ሊቀ መኳስ አባተ፣ በዚያው ቀን የሞተው ፊታውራሪ ገበየሁ፣ ሁሉም የክብሩ ተካፋዮች ናቸው። ሠዓሊው ድል የአንድ ሰው ነው ብሎ አያምንም። ይህ ከመምሰል የበለጠ እውነት ነው፤ ያ ጦርነት ከየአውራጃው የተሰበሰበ ሠራዊት ያሸነፈው ነበርና። በዚህ አንጻር የአንድ ሰው ስም በድንጋይ ላይ አጉልቶ ከቀረጸው ሥዕል ይልቅ የእኛው ሥዕል ታማኝ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ታማኝ ነው ስል ግን ሁሉን ይናገራል ማለቴ አይደለም። እቴጌ ጣይቱ በመቐለ ምሽግ የተከበቡትን ኢጣልያኖች ውሃቸው እንዲያዝ ያደረጉበት ዘዴ ከማንኛውም የሽጉጥ ተኩስ ይበልጥ ጠቅሟል፤ ነገር ግን የተያዘ ምንጭ ለሠዓሊ አይመችም፤ ስለዚህ በፈረስ አወጧቸው። ጠላትን በሐሰት ወሬ ያሳሳተው ባሻ አውአሎምም በሥዕሉ ላይ እምብዛም አይታይም። ስንቅ ተሸክመው፣ እህል ፈጭተው፣ እንጀራ እየጋገሩ ከሸዋ እስከ ትግራይ የተጓዙት ሴቶች በብዙዎቹ ሥዕሎች ላይ የሉም። ከኢጣልያ ጋር ተሰልፈው ተማርከው የነበሩ በመቶ የሚቆጠሩ ኤርትራውያን ዐስከሮች ከድሉ በኋላ ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቈርጧል። ይህንን የሣለ እኔ አላየሁም። ለያፋ ሥዕል የወረወርሁትን ጥያቄ ለዐድዋ ሥዕል ብደብቀው ፍርዴ የተጣመመ ይሆናል።

ከዚህም የጠለቀ አንድ ነገር አለ። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሥርዓት ደጋግ ሰዎች ሁለት ዐይናቸው እየታየ ይሣላሉ፤ ይሁዳና ዲያብሎስ ግን በጎን በኩል በአንድ ዐይን ይሣላሉ። የዐድዋ ሠዓሊዎች ይህን ሥርዓት ወደ ጦር ሜዳ ይዘውት ወረዱ፤ ኢትዮጵያዊው ባለ ሁለት ዐይን፣ ኢጣልያዊው ባለ አንድ ዐይን። ሕፃን ልጅ እንኳ ወዳጅና ጠላትን ሳይጠይቅ ይለያል። ጥበቡ የሚደነቅ ነው። ነገር ግን ከአውሮፓ ወገን የሚመሳሰለው ሥዕል ማን የሠራው እንደሆነ ስታዩ ትደነቃላችሁ። የስፔኑ ሠዓሊ ጎያ የናፖሌዎን ወታደሮች እ.ኤ.አ. በሜይ 3 ቀን 1808 በማድሪድ ሰዎችን ሲረሽኑ የሚያሳየውን ሥዕል በ1814 ሲሠራ፣ ተኳሾቹን ፊታቸውን ነሥቶ በጀርባቸው አቆማቸው፤ የሚሞተው ባለ ነጭ ሸሚዝ ሰው ግን ሁለት ዐይኑ አፍጥጦ ይታያል። ጎያ የእኛን ሠዓሊዎች አላየም፣ እነርሱም እርሱን አላዩም፤ ሥርዓታቸው ግን ተገናኘ። ልዩነቱ፣ ጎያ ፊት የነሣው ገዳዩን ነው። በዐድዋ ሥዕል ላይ ግን የወደቀው ኢጣልያዊ ሬሳም አንድ ዐይና ነው። ከሩቅ ገጠር ተይዞ የመጣ ድኻ የገበሬ ልጅ ከሞተ በኋላ ሁለተኛ ዐይኑን ቢመልሱለት ድሉ ምን ይጎድልበት ነበር?

ስለ ሥዕል ስናገር የአራዳውን ሐውልት ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በአዲስ አበባ ከጊዮርጊስ ፊት ለፊት ያለውን የዐፄ ምኒልክ የፈረስ ሐውልት ያሠሩት ልጃቸው ንግሥት ዘውዲቱ ናቸው፤ የሠራውም ሐርተል የተባለ ጀርመናዊ ነው። ንግሥቲቱ ሳያዩት በ1922 ዓ.ም. አረፉ፤ ሐውልቱም የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ዋዜማ በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ተመረቀ። ፈረሱን ተመልከቱት፤ በኋላ እግሮቹ ቆሟል። የዳቪድ ፈረስ ነው! በዐድዋ ሥዕል ላይ ከጥላ ሥር በእርጋታ የቆሙት ንጉሠ ነገሥት፣ በአውሮፓዊ እጅ ሲሠሩ ሳን በርናርን የሚያቋርጡ መሰሉ። ይህን ስል ሐውልቱን ማቃለሌ አይደለም። ኢጣልያኖች ከተማይቱን በያዙ ጊዜ አንሥተው ደብቀውት ነበር፤ ከነጻነት በኋላ ወደ ቦታው ተመልሷል። ነሐስ ዝም ብሎ ነሐስ ቢሆን ኖሮ ማን ይፈራው ነበር?

በቃል የሚሣል ሥዕልም አለ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በኢጣልያ አገር የሥዕል ትምህርት የተማረ ሰው ነበር፤ በኋላ ግን ብሩሹን ትቶ በብዕር ሠዓሊ ሆነና በ1901 ዓ.ም. በሮማ ያሳተመው የዐፄ ምኒልክ ታሪክ ከዳቪድ ሸራ የማይተናነስ ውዳሴ ሆነ። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፉ ይህን ነቅፎ፣ አንዱን ንጉሥ ለማግነን ሌላውን ማጥቈር የታሪክ ጸሐፊ ሥራ እንዳይደለ አሳየ። ገብረ ሕይወትም የሚሲዮን ትምህርት ቤት ልጅ ነበር፤ ይህን ስናገር ትንሽ ኩራት ቢጤ ቢሰማኝ ይቅር በሉኝ። ምኒልክን አልጠላም፤ ያከበራቸው መርምሮ ነው። በእኔ አስተያየት በአማርኛ ከተጻፉት ሂሶች ሁሉ ለወጣት ልጅ መጀመሪያ ሊሰጥ የሚገባው ይህ ነው።

በትምህርት ቤቶቻችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ነገር ደግሞ እናንተ ከወላጆቻችሁ ጠይቁ። እኔ ፊደል በቈጠርሁበት ክፍል የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ምስል ነበረ። በመስከረም 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከዙፋን ሲወርዱ ምስሉም ወረደ። ማስተማር ስጀምር በክፍሌ ግድግዳ ላይ ማርክስ፣ ኤንግልስና ሌኒን ተሰቅለው አገኘኋቸው። አንድ የአንደኛ ክፍል ልጅ «ጋሼ፣ እነዚህ ሦስቱ ሽማግሌዎች የማን አያቶች ናቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። ለዚያ ዘመን የማይመች ጥያቄ ነበርና «የሩቅ አገር ሰዎች ናቸው፤ ተቀመጥ» አልሁት። በ1983 ዓ.ም. እነርሱም ወረዱ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ከቱም ተቀምጬ ነው፤ ስለዚህ ከዚህ ሲታይ ነገሩ ምን እንደሚመስል ልናገር። ከዐድዋ በኋላ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1890 ዓ.ም. መባቻ፣ የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተይዘው ወደ ሸዋ ተወሰዱ። በዚያው ዓመት ራሱ ጦራቸውን ይዘው የእኛን ደቡብ ምዕራብ አቋርጠው ዛሬ ቱርካና እስከሚባለው ሐይቅ ድረስ ዘለቁ። ቡላቶቪች የተባለ የሩስያ መኰንን አብሮ ሄዶ ያየውን በመጽሐፍ ጻፈ። ራሱን ያደንቃቸዋል፤ ሆኖም በዘመቻው መንገድ ላይ ክፉኛ ቈስሎ የወደቀ አንድ ሕፃን አግኝቶ አንሥቶ ወደ አገሩ ወሰደው፤ ቫስካም ብሎ ጠራው። ከዚያ በኋላ በማጂ ምድር የገባር ሥርዓትና የባሪያ ፍንገላ ስንት መንደር ባዶ እንዳስቀረ የዲዚ ሽማግሌዎች ያውቁታል።

ዐድዋ ለእኔም ኩራቴ ነው፤ ያን ቀን በአፍሪቃ ላይ የተጫነው የአውሮፓ እጅ ተመትቷልና። ነገር ግን በዐድዋ ሥዕል ላይ ባለ ሁለት ዐይን ሆነው ከቆሙት ጦረኞች ስንቱ ከሁለት ዓመት በኋላ በእኛ ተራራ ላይ እንደ ተሰማራ ማን ያውቃል? ያን ዘመቻ የሣለው ሠዓሊ የለም። ቢሣል ኖሮ ማን በስንት ዐይን ይሣል እንደ ነበር እያሰብሁ ብዙ ጊዜ ቆይቻለሁ። አንድ ወቅት በክፍሌ ይህንኑ ለትላልቆቹ ተማሪዎች የሥዕል ሥራ አድርጌ ሰጠኋቸው። ግማሾቹ ዘማቹን ባለ አንድ ዐይን አደረጉት፤ ግማሾቹ ሁሉንም በሁለት ዐይን ሣሉ። የእነዚህ ሥዕል ማን ከማን ጋር እንደሚዋጋ አያስታውቅም ነበር፤ ሥዕሎቹን ፊት ለፊት ሰቅለን አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ተከራከርንባቸው፤ ደወሉ ሲደወልም ክርክሩ አልበቃም ነበር።

ከአካባቢያችን ሽማግሌዎች አንዱን ስለዚያ ዘመን ስጠይቃቸው የራሱን መልክ አልነገሩኝም። ቀይ ይሁኑ ጠይም፣ ረዥም ይሁኑ አጭር፣ በፈረስ ይምጡ በበቅሎ፣ ከአባታቸው እንዳልሰሙ ነገሩኝ። የሰሙት ግን የተወሰደውን ከብት ቀለም ነበር፤ አንዲት ዳልቻ፣ ሁለት ቡሬ፣ አንዲት ገና ያልወለደች ጥቁር ጊደር፤ ከዚያም በስማቸው እየጠሩ ያልተመለሱትን ልጆች።